ባልና ሚስት በጂቡቲ ባሕር ዳርቻ፤ የጋብቻ 25ኛ ዓመት

በአገራችን ልማድ ሠርግ ታላቅ በዓል ነው። ዘመድ ከሩቅ ይጠራል፤ ጠላው ይጠመቃል፤ ጠጁና ዳሱ ይጣላል፤ ሽማግሌ ይመርቃል። ከዚያም መልሱና ቅልቅሉ ሲያልፍ ሙሽሮቹ ሙሽራ መባላቸው ይቀርና ባለትዳር ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ በየቤቱ የሚከበረው የልጅ ክርስትና፣ የማኅበር ተራና የሙት ዓመት ነው እንጂ ጋብቻው የተመሠረተበት ቀን በየዓመቱ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ አይታይም። ሰው ቤቱን የሠራበትን ዓመት ያስታውሳል፤ የተሾመበትንም ቀን አይረሳም፤ ቤቱንም ሹመቱንም አብራው የተሸከመችውን ሚስቱን ያገባበትን ቀን ግን ሲጠየቅ ጥቂት ማሰብ ይኖርበታል።

ከጥቂት ዘመን ወዲህ ይህን ቀን መቍጠር በከተሞቻችን እየተለመደ መጥቷል። በአውሮፓ 25ኛው ዓመት የብር፣ 50ኛው ዓመት የወርቅ እየተባለ በቤተ ሰብ መካከል ይከበራል። ልማዱ ከውጭ የመጣ ነው ብሎ የሚነቅፈው አይጠፋም፤ ዳሩ ግን ባልና ሚስት በጋራ ያሳለፉትን ዘመን ቈም ብለው ወደ ኋላ ቢመለከቱት ማንንም አይጐዳም። ይልቁንም ልጆች አድገው ቤቱ ጸጥ ሲል፣ የባልና የሚስት ንግግር ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዘይትና ስለ ጤፍ ዋጋ ብቻ ሲሆን፣ ከቤት ወጥቶ ለሁለትና ለሦስት ቀን በሌላ አየር መተንፈስ እንደ መድኃኒት ይቈጠራል። ቤት የሥራ ቦታ ነውና፤ በቤት ውስጥ ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው።

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው ጥር 15 ቀን 1986 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ጥር 2011 ዓ.ም. 25 ዓመት ሞላን። ልጆቻችን ተሰብስበው በቤታችን ምሳ ካበሉን በኋላ «አሁን ደግሞ ሁለታችሁ ብቻችሁን የምትሄዱበትን ቦታ ምረጡ» አሉን። እኔ ላንጋኖን፣ ወይም ሐዋሳን አሰብሁ። ባለቤቴ ግን ጥቂት ዝም ብላ ቈየችና «እኔስ ባሕር ማየት እፈልጋለሁ፤ ሐይቅ አይደለም፤ ባሕር» አለች።

ነገሩ ከሕፃንነቷ የመጣ ነው። ባለቤቴ የድሬዳዋ ልጅ ናት። አባቷ በምድር ባቡር የጥገና ሥራ ቤት የሚሠሩ ሰው ነበሩ፤ ለሠራተኛ በሚሰጠው የጉዞ ፈቃድ ልጃቸውን ይዘው ወደ ጂቡቲ ሊወርዱና ባሕሩን ሊያሳዩአት ተስፋ ሰጥተዋት ነበር። ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነው። ልብሷ ተሰፍቶ፣ ጫማዋ ተገዝቶ ሲጠበቅ፣ በ1969 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት መጣና የምድር ባቡሩ መስመር ተቋረጠ። ጦርነቱ አልፎ መስመሩ ሲከፈት ደግሞ አባቷ ታመው ነበር፤ ብዙም ሳይቈዩ ዐረፉ። ጫማውም ለታናሽ እኅቷ ሆነ። ይህን ታሪክ በ25 ዓመት ውስጥ ምናልባት ሁለት ጊዜ ነግራኝ ይሆናል፤ ሁለቱንም ጊዜ እየሳቀች ነው።

እንግዲህ ጂቡቲን መረጥን። ለአዲስ አበባ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው የባሕር በር ይህ ነው። ምጽዋና አሰብ ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የኤርትራ ሆነዋል፤ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላም የአገራችን ንግድ አብዛኛው በጂቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ የምንለብሰውና የምንነዳው ሁሉ ከሞላ ጐደል ያን ባሕር አይቶ የመጣ ነው። ዕቃችን ያየውን ባሕር ባለቤቶቹ አለማየታችን የሚያስገርም ነው።

የመንገዱንም ታሪክ ማወቅ ጉዞውን ያጣፍጠዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በጂቡቲ በኩል በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ሐረር በተራራ ላይ ስለሆነች ሐዲዱ ሊወጣላት አልቻለም፤ ስለዚህ ባቡሩ የቆመበት ሜዳ ከተማ ሆነ፤ እርሱም ድሬዳዋ ነው። አዲስ አበባ የደረሰውም በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ለመጐብኘት ሲነሡ በዚሁ መስመር ወደ ጂቡቲ ወርደው በመርከብ ተሳፈሩ፤ በንጉሠ ነገሥትነታቸውም ዘመን፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር ወደ ዋና ከተማው ሲቀርብ፣ በዚሁ መስመር ወርደው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ስደት ሄዱ። ስለዚህ ለኢትዮጵያ መኳንንት የመጀመሪያው ባሕር ብዙውን ጊዜ የጂቡቲ ባሕር ነበር፤ አንዱ በደስታ፣ ሌላው በኀዘን አይቶታል።

ያ አሮጌ መስመር አርጅቶ ከተዘጋ በኋላ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የምድር ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ለሕዝብና ለንግድ መደበኛ አገልግሎቱንም በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እኛም በዓርብ ጧት ከለቡ ጣቢያ ተሳፈርን። ባለቤቴ ዳቦ ቆሎና ድፎ ዳቦ፣ በሁለት ፔርሙዝ ደግሞ ሻይና ቡና ቋጥራ ነበር። በአጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ «ባቡሩ አዲስ ነው፤ ስንቁ ግን ያው የጥንቱ ነው» ብለው አሳቁንና ከስንቁ ተካፈሉ።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕሩ የሚደረገው ጉዞ ከሰገነት ወደ ምድር ቤት እንደ መውረድ ነው። ጧት ጋቢ ያስደረበ ብርድ፣ አዳማን ሲያልፉ ይለቃል፤ አዋሽ ሲደርሱ ኮት ይወልቃል፤ ከሚኤሶ ወዲያ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሰው መጋረጃ ይፈልጋል። የጤፉ ማሳ አልቆ የማሽላው ይመጣል፤ የማሽላው አልቆ ግራሩና ግመሉ ይመጣል። ድሬዳዋ ስንደርስ ባለቤቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ በመስኮት አየች። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ አባቷ የሠሩበት የጥንቱ ጣቢያ ከዚያ አይታይም። ቢሆንም ባቡሩ እስኪነቃነቅ ድረስ ቆማ ወደ ከተማው አቅጣጫ ስትመለከት ቈየች። ከዚያ ተቀመጠችና «ከዚህ በኋላ ያለውን አገር አላውቀውም» አለች።

ከድሬዳዋ በኋላ ያለው አገር ድንጋይና አሸዋ ነው። በደወሌ በኩል ድንበሩን ተሻገርን፤ ባቡሩ የአሊ ሳቢዬን ኮረብታዎች አልፎ ሲመሽ ከጂቡቲ ከተማ አጠገብ ናጋድ ከተባለው ጣቢያ ደረሰ። ከባቡር ስንወርድ ፊታችንን የነካው አየር እርጥብና ሙቅ ነበር፤ ጨውና ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ባሕሩ በጨለማ አይታይም፤ ነገር ግን መኖሩ ይታወቃል። ወደ ሆቴላችን ስንሄድ ባለቤቴ የመኪናውን መስኮት ከፍታ፣ አንገቷን ወደ ውጭ አድርጋ ነበር።

በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ቀሰቀሰችኝና ወደ ዳርቻው ወረድን። ያገኘነው ግን የጠበቅነውን አይደለም። ውሃው ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ በፊታችን የተዘረጋው ረግረግና እርጥብ አሸዋ ነበር፤ ጀልባዎች በጭቃ ላይ ዘመም ብለው ተቀምጠዋል፤ ትንንሽ ሸርጣኖች ከጕድጓድ ወደ ጕድጓድ ይሮጣሉ። ባለቤቴ «ባሕሩ የት ሄደ?» ብላ አንድ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በምልክት ጠየቀች። ሽማግሌውም አማርኛ ጥቂት ያውቁ ነበርና «ይመጣል፤ ተቀመጪ» አሉአት። ይህ ባሕር በጨረቃና በፀሐይ ስበት በየቀኑ እየሸሸ ተመልሶ የሚመጣ ነው፤ በከፍታ አገር ላደገ ሰው ግን በመጽሐፍ ማንበብና በዓይን ማየት አንድ አይደለም። እኛም ተቀመጥን። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ውሃው ቀስ በቀስ፣ ያለ ድምፅ፣ እንደ ፈሰሰ ወተት እየተስፋፋ መጣ፤ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ቀና አሉ። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ከጕልበቷ ከፍ አድርጋ ገባች፤ በእጇም ጨልፋ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ «አባባ ጨው መሆኑን ነግሮኝ ነበር፤ ይህን ያህል ግን አላለኝም» አለችኝ። ስትናገር ስቃ ነበር፤ ዓይኖቿ ግን እንባ አቅርረው ነበር። እኔም ምንም ሳልል አጠገቧ ቆምሁ።

ከቀትር በፊት ከተማውን ጐበኘን። ጂቡቲ ከተማ የተቈረቈረችው በ1880 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የፈረንሳዮች ሰፈር ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በኦቦክ ነበር። በአሮጌው ከተማ መካከል ያለው አደባባይ ለብዙ ዘመን በዳግማዊ ምኒልክ ስም ይጠራ ነበር፤ ዛሬ በአገሩ የነፃነት ቀን ስም ይጠራል፤ ጂቡቲ ከፈረንሳይ ነፃ የወጣችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነውና። በአደባባዩ ዙሪያ ያሉት ቤቶች በነጭ ኖራ የተቀቡ፣ በደጃቸው ቅስት ያላቸው፣ ለጥላ የተሠሩ ናቸው። ሕዝቡ በሶማልኛና በአፋርኛ ይነጋገራል፤ ጽሕፈት ቤቱ በፈረንሳይኛና በዓረብኛ ይሠራል፤ በገበያው ግን አማርኛ የሚያውቅ አይጠፋም። ገንዘባቸው ፍራንክ ይባላል። ከአገራችን በየቀኑ የሚገባው ጫት ሲደርስ መንገዱ ለጊዜው ይደምቃል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋም ትበረታለችና ከተማው እስከ ማታ ጸጥ ይላል።

ምሳችን ዓሣ ነበር። አጠባበሱ የየመኖች ነው፤ ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋል፤ ቅመም ይቀባል፤ ከዚያም በጋለ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይበስላል፤ ከዚያው ምድጃ በወጣ ሰፊ ቂጣ እየቈረሱ በእጅ ይበሉታል። አበላሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ በጠረጴዛው ማዶ የነበሩት ሰዎች ፈገግ አሉ። ከልጆቹ መወለድ ወዲህ ጉርሻው ወደ እነርሱ ሲያዘነብል ኖሯልና፣ ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከቀትር በኋላ በሞተር ጀልባ ወደ ሙሻ ደሴት ተሻገርን። ሙሻና ጎረቤቱ ማስካሊ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ የተቀመጡ ዝቅ ያሉ ደሴቶች ናቸው። የውሃው ቀለም በዳርቻው እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ፣ ራቅ ሲል አረንጓዴ፣ ከዚያም ወዲያ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ከውሃው በታች ሕይወት ካላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት የተሠራው የዛጎል ድንጋይ እንደ አትክልት ቦታ ተዘርግቶ፣ በመካከሉ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች ይመላለሳሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወራት ደግሞ ከዓሦች ሁሉ በመጠን የሚበልጠው ሻርክ ወደዚህ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል፤ ምግቡ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ስለሆኑ ሰውን አይነካም፤ ዋናተኞች በአርታ ዳርቻ አጠገቡ እየዋኙ ያዩታል። እኛ ዋና አናውቅምና በጥላ ሥር ተቀምጠን ውሃውን አየን። ሦስት ሰዓት ያህል ስንቀመጥ ስለ ሥራም ስለ ቤትም አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ስለ ሠርጋችን ቀን፣ ስለ ሚዜዎቻችን፣ ከእነርሱም መካከል ስለ ሞቱት ተነጋገርን። በመጀመሪያው ዓመት በተከራየነው አንድ ክፍል ቤት ዝናብ ሲገባ ድስትና ባልዲ ደርድረን ያደርንበትን ሌሊት አስታወስን፤ እኔ ባልዲዎቹ ሦስት ነበሩ ስል፣ እርሷ አምስት ነበሩ ብላ ተከራከረችኝ።

በእሑድ ጧት መኪና ተከራይተን ወደ አሳል ሐይቅ ሄድን። ከከተማው ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሹፌራችን ከታጁራ በኩል የሆነ አፋር ነበር፤ አማርኛውን የተማረው በጋላፊ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዳ ነው። መንገዱ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብቻ በሆነ አገር ውስጥ ያልፋል። ከዚያ በስተ ቀኝ ጉቤት የተባለው የባሕር ወሽመጥ ይታያል፤ በተራራዎች የተከበበ ጥልቅ ውሃ ስለሆነ የአገሩ ሰዎች የሰይጣን ነገር ያወሩበታል። በዚህ ስፍራ ምድር ራስዋ እየተለያየች ናት፤ የአፍሪካና የዓረብ ምድር በየዓመቱ በጣት ስፋት ያህል ይራራቃሉ። በ1971 ዓ.ም. አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ በዚሁ ፈንድቶ ነበር።

አሳል ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው፤ በአፍሪካ ምድር ከዚህ የሚያንስ ስፍራ የለም። የባሕሩ ውሃ ከጉቤት በድንጋዩ ሥር እየሰረገ ይገባበታል፤ መውጫ ስለሌለው ፀሐይ ውሃውን ወስዳ ጨውን ትተዋለች። ስለዚህ ጨውነቱ ከባሕር አሥር እጥፍ ያህል ይደርሳል፤ ዓሣ አይኖርበትም፤ የገባበትም ሰው አይሰጥምም፤ ይንሳፈፋል። ዳርቻው በነጭ ጨው የተነጠፈ ነው፤ ከነጩ ቀጥሎ ውሃው እንደ ከበረ ድንጋይ ያበራል፤ ከኋላው ጥቁሩ ተራራ ነው። አፋሮች ከጥንት ጀምሮ ይህን ጨው በግመል እየጫኑ ወደ ደጋው አገር ይነግዱበት ነበር። ባለቤቴ ጨው በመሐረቧ ቋጠረች፤ ለየልጆቹ ልትሰጥ ነው።

ከዚያ ስንመለስ፣ ወደ ታጁራ በሚያስገነጥለው መንገድ አጠገብ፣ አምስት ወጣቶች በሰልፍ ሲሄዱ አገኘን። እያንዳንዳቸው ቢጫ የውሃ ጀሪካን በገመድ አንግተዋል፤ በእግራቸው ነጠላ ጫማ፣ በራሳቸው ሻሽ ነበር። ቀትር ነው። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ «የእናንተ አገር ልጆች ናቸው፤ በየቀኑ እንዲህ ያልፋሉ፤ ወደ ኦቦክ ነው» አለን። ከኦቦክ ወዲያ ባሕሩ ነው፤ ከባሕሩ ማዶ የመን፤ ከየመን ወዲያ ሳዑዲ ዓረቢያ። ባለቤቴ «አቁምልኝ» አለች።

ወርዳ ውሃችንን ሁሉ፣ የቀረውንም ድፎ ዳቦ ሰጠቻቸው። አራቱ ጥቂት ፈራ ብለው ቆሙ፤ አንደኛው ግን አማርኛችንን ሲሰማ ቀረበ። የወሎ ልጅ ነው። ዕድሜውን ብጠይቀው 19 አለኝ፤ የእኛም የመጨረሻ ልጅ 19 ነው። አባቱ ያላቸው መሬት ለሦስት ወንድማማቾች እንደማይበቃ፣ ለደላላው የሚከፈለውን ገንዘብ ዘመድ ተበድሮ እንደ ሰጠው፣ ዐሥራ ሁለት ቀን በእግር እንደ ተጓዘ ነገረን። ባለቤቴ «ልጄ፣ ብትመለስስ?» አለችው። እርሱም አንገቱን ደፍቶ «እማማ፣ ብድሩስ?» አለ። ለዚህ መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ቀና ብሎ «ባሕሩ ሩቅ ነው?» አለ። ባለቤቴም ሩቅ አለመሆኑን ነገረችው። «ምን ይመስላል?» ብሎ ደግሞ ጠየቃት። እርሷ ባሕርን ካየች ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ባየችውም ነገር እጅግ ተደስታ ነበር። ጥቂት ቈይታ እንዲህ አለችው፤ «ልጄ፣ እኔም ያየሁት ትናንት ነው። ያማረ ነው። ማዶው ግን አይታይም።» ልጁም ራሱን ነቀነቀ። ሹፌሩ ወደ አገር መመለስ ለሚፈልጉ ሰዎች እርዳታ የሚሰጥ ቤት በኦቦክ መኖሩን አስረዳው። እኔም የቤታችንን ስልክ ቍጥር በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት፤ አጥፎ በሸሚዙ ኪስ ከተተው። ከዚያ አመስግነውን ወደ ጓደኞቹ ተመለሰና ሄዱ። መኪናችን ከተነሣ በኋላ ባለቤቴ ዞራ በኋላ መስተዋት ታያቸው ነበር፤ ቢጫዎቹ ጀሪካኖች ከሰዎቹ ይልቅ ለረዥም ጊዜ ታዩ።

ያን ማታ ሆቴላችን ደጃፍ ተቀምጠን እስከ እኩለ ሌሊት ተነጋገርን። በ25 ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ ንግግር አናስታውስም። ስለ ልጆቻችን፣ ስለ መሬትና ስለ ሥራ፣ እኛ ወጣት ሳለን ምን ተስፋ እንደ ነበረን፣ ዛሬ ላለው ወጣት ምን እንደ ቀረ ተነጋገርን። ባለቤቴ በመጨረሻ «አባባ ባሕሩን ሊያሳየኝ የነበረው መልሶ ቤቴ ሊያስገባኝ ነው። እነዚህን ልጆች ባሕሩን የሚያሳያቸው ሰው ግን መልሶ አያመጣቸውም» አለች። ሰኞ በአይሮፕላን ተነሣን፤ በባቡር ቀኑን ሙሉ የወረድነውን አገር በአንድ ሰዓት በላይ በጥቂት ደቂቃ ተሻግረን ቤታችን ገባን።

በማግሥቱ፣ ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በኦቦክ አጠገብ ከጎዶሪያ ዳርቻ የተነሡ ሁለት ጀልባዎች ከመጠን በላይ ሰው ጭነው ነበርና ተገለበጡ። ከ50 በላይ ሰዎች ሞተው ተገኙ። ወሬውን በራዲዮ ስንሰማ ባለቤቴ በእጇ የያዘችውን ሰሐን አስቀምጣ ተቀመጠች። ያ የወሎ ልጅ ስልክ አልደወለም፤ እስከ ዛሬም አልደወለም። ቍጥራችንን ግን አልለወጥንም፤ ሌላ ስልክ ይሻላል የሚል ሰው ቢመጣ እንኳ ባለቤቴ እሺ አትልም። ከዚያ ወዲህ በዚያው ባሕር እንዲህ ያለው አደጋ ደጋግሞ ደርሷል፤ በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ብዙ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስጽፍ የበዓል ጉዞ ለምን በኀዘን ይጠናቀቃል ትል ይሆናል። ነገር ግን ጉዞው በኀዘን አልተጠናቀቀም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እኔና ባለቤቴ ጥር 15 ቀንን እናከብራለን፤ በቤታችን ጸጥታ ውስጥም የምንነጋገረው ነገር ከጤፍ ዋጋ አልፏል። አገር መጐብኘት ያማረውን ብቻ ለማየት ከሆነ ሥዕል መግዛት ይበቃ ነበር። ባልና ሚስትም አንድ የሚሆኑት የተደሰቱበትን ብቻ ሳይሆን አብረው ያዘኑበትን ነገር በአንድ ልብ ሲይዙ ነው።

ወደዚያ ለመሄድ ለሚያስቡ ባለትዳሮች ጥቂት ምክር ልጨምር። የሚሻለው ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋልና አይመከርም። የይለፍ ወረቀትና የመግቢያ ፈቃድ አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ የባቡሩንም የጉዞ ቀን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ለደሴቱ ሰፊ ባርኔጣ፣ ለአሳል ሐይቅ ጨውና ድንጋይ የማይበሳው ጫማ ያስፈልጋል። የባሕሩን ውሃ ለማየት ጧት በማለዳ ወርዳችሁ ሸሽቶ ብታገኙት አትዘኑ፤ ተቀመጡ፤ ይመጣል። ወደ አሳል ስትሄዱ ደግሞ ከምትጠጡት ይልቅ አብዝታችሁ ውሃ ያዙ፤ በዚያ መንገድ የተጠማ የአገር ልጅ አይጠፋምና።